የዛፍ ጸጋ በቤት ድስት፤ ስለ ሜፕል ከረሜላ አሠራር የተሰጠ ዲስኩር



ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት ቆሜ እናገርለት ዘንድ የመረጥሁት ነገር በመጠኑ እጅግ ትንሽ ነው፤ ይኸውም በዚህ በምንኖርበት በሰሜን አሜሪካ ምድር የክረምቱ ብርድ ሊያልፍ ሲል ከሜፕል ዛፍ ግንድ ከሚቀዳው ውኃ ተነጥሮ የሚሠራው፣ ብዙውን ጊዜም በዚያው ዛፍ ቅጠል አምሳል ተቀርጾ የሚሸጠው፣ ጥርስን ሳያስቸግር በምላስ ላይ የሚሟሟው ከረሜላ ነው። ስለ አንድ ከረሜላ በጉባኤ መናገር ለአንዳንዱ ሰው ከንቱ ድካም መስሎ ይታየው ይሆናል፤ ሆኖም የተግባረ እድ ታላቅነት የሚመዘነው ሥራው በሚጠይቀው ዕውቀትና ትዕግሥት ስለሆነ፣ ይህን ትንሽ ነገር በሚገባ የመረመረ ሰው የፍጥረትን ሥርዓት፣ የአንድን ሕዝብ ጥንታዊ ጥበብና የሰውን ልጅ የፍትሕ ጥያቄ ባንድነት ተያይዘው እንደሚያገኛቸው አምናለሁ።

ይህ ከረሜላ ከሌሎቹ የሚለይበት ዋና ነገር፣ የሚሠራው ከአንድ ነገር ብቻ መሆኑ ነው፤ ወተትም፣ ዱቄትም፣ ማቅለሚያም ሳይገባበት መልክና ጠባይ የሚሰጡት እሳትና ጊዜ ብቻ ናቸው። ስለዚህም የሠሪው ጕድለት የሚሸሸግበት ሥፍራ የለም፤ ጥበቡም ሁሉ ተጠቃሎ የሚገኘው፣ ድስቱን መቼ ሳይነኩ መተው፣ መቼስ ሳይታክቱ ማማሰል እንደሚገባ በማወቅ ላይ ነው። እኔም በመጀመሪያ ስለ ዛፉ፣ ቀጥሎም ይህን ዛፍ አስቀድመው ስላወቁት ሕዝቦች፣ በመጨረሻም ከረሜላው በቤታችን ድስት ስለሚሠራበት ሥርዓት በተራ እናገራለሁ።

የስኳር ሜፕል የሚባለው፣ የዕፀዋት ሊቃውንትም አኬር ሳካሩም ብለው የሚጠሩት ዛፍ፣ ከኩቤክና ከኦንታሪዮ ጀምሮ በቨርሞንት፣ በኒው ዮርክና በሜይን በኩል አልፎ እስከ ሚኒሶታ ድረስ በሰፊው የሚበቅል ነው። ይህ ዛፍ በበጋው ወራት ቅጠሎቹን ለፀሐይ ዘርግቶ የሠራውን ምግብ በግንዱና በሥሩ ውስጥ በስታርች መልክ ያከማቻል፤ ብርዱ ሲበረታም ያን ድልብ ወደ ስኳር ይለውጠዋል። ከየካቲት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ግን ሞቅ ያለ በሚሆንበት ወራት፣ በሌሊት በግንዱ ውስጥ ያለው ውኃ ሲረጋ በእንጨቱ ሕዋሳት ውስጥ ያለው አየር እየተጨመቀና እየተኰማተረ ከሥር ውኃ ወደ ላይ ይስባል፤ ፀሐይ ወጥታ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ታፍኖ ያደረው አየር ተዘርግቶ ውኃውን ይገፋዋል፤ ያን ጊዜ በግንዱ ላይ ቀዳዳ ያለ እንደ ሆነ ውኃው በዚያ በኩል ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። ሌሊቱ ውርጭ ካጣ፣ ወይም ቀኑ ሳይሞቅ ከዋለ፣ ጠብታው ይቆማል፤ ቡቃያው ማበጥ ሲጀምርም የውኃው ጣዕም ስለሚለወጥ ወቅቱ ያበቃል። እንግዲህ የዚህ ጣፋጭ ነገር አባቱ ብርድ፣ እናቱም ፀሐይ ናቸው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ከግንዱ የሚወርደው ውኃ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው፤ ከመቶው እጅ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ስኳር ስለሆነም፣ ለቀመሰው ሰው ጣፋጭነቱ እምብዛም አይታወቅም። አንድ ሊትር ሽሮፕ፣ ይኸውም ተነጥሮ የወፈረ የዛፍ ውኃ፣ ለማግኘት 40 ሊትር ያህል የዛፍ ውኃ አፍልቶ ማትነን የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው፤ ይህም አንድ ቀዳዳ በአንድ ወቅት ከሚሰጠው ውኃ ጋር የሚቀራረብ ነው። ዛፉም ራሱ ለዚህ አገልግሎት የሚበቃው አብዛኛውን ጊዜ 40 ዓመት ያህል ካደገ በኋላ ነው። ልባም ባለርስት በየዓመቱ የሚበሳው ቀዳዳ ስፋቱ ከ8 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱም ከ5 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ሆኖ ካለፈው ዓመት ጠባሳ የራቀ ነው፤ ዛፉ ቁስሉን በገዛ ራሱ ይዘጋልና፣ እንዲህ ባለ ጥንቃቄ የተያዘ ዛፍ መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ሲያገለግል ይኖራል። አያት የተከለውን የልጅ ልጅ ይቀዳዋል ማለት ነው።

ይህን ጸጋ ለዓለም ያስተዋወቁት ከአውሮፓ የመጡት ሰፋሪዎች አይደሉም። አኒሺናቤ፣ አቤናኪ፣ ሆዴኖሾኒ የሚባሉትና ሌሎችም የአገሩ ጥንተ ነዋሪዎች የዛፉን ጠባይ ያወቁት ከነሱ አስቀድሞ ነው። በአኒሺናቤ ዘንድ ከዓመቱ ጨረቃዎች አንዷ ስኳር በሚነጠርበት ወራት የተሰየመች ነበረች፤ ቤተ ሰቡ ሁሉ ከክረምቱ መኖሪያ ተነሥቶ ወደ ዛፎቹ ይሰፍራል፤ ሥራውን የሚመሩት ሴቶች ናቸው፤ ግንዱ ከመበሳቱ በፊትም በዛፉ ሥር ጥቂት ትምባሆ አኑሮ ምስጋና ማቅረብ የአባቶች ሥርዓት ነበር። ውኃው ተነጥሮ ከወፈረ በኋላ ከእንጨት በተፈለፈለ ገበታ ላይ አፍስሰው፣ በእንጨት መቅዘፊያ እያገላበጡ ያሹታል፤ በዚህም ሁኔታ ደርቆ እንደ አሸዋ የደቀቀ ስኳር ይሆናል። ከፊሉንም ገና ሳይደርቅ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ያረጉታል፤ ዛሬ በየሱቁ በቅጠል አምሳል የምናየው ከረሜላ የዚህ የጥንቱ ስኳር ወገን ነው። የደቀቀውን ስኳር ከበርች ዛፍ ልጣጭ ሰፍተው ባበጁት፣ ማካክ በሚሉት ሣጥን ከትተው ዓመቱን ሙሉ ያቆዩታል፤ ሥጋውንም፣ ዓሣውንም፣ እህሉንም በዚሁ ያጣፍጡ ነበር። ሽሮፕ በብልቃጥ አሽጎ ማቆየት ባልተለመደበት ዘመን፣ የዛፉ ፍሬ ተጠብቆ የሚኖረው በደረቅ ስኳር መልክ ስለነበር፣ ሰፋሪዎቹም ትምህርቱን ተቀብለው እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ድረስ በብዛት የሠሩት ሽሮፕ ሳይሆን ስኳር ነው።

ይህ ስኳር በአንድ ወቅት ከምግብነት አልፎ የኅሊና ጥያቄ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት በገበያ ላይ የሚገኘው የሸንኮራ አገዳ ስኳር አብዛኛው በምዕራብ ህንድ ደሴቶች፣ ከአፍሪካ ተግዘው በተወሰዱ ባሮች ላብና ደም የሚመረት ነበር። የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ከፈረሙት አባቶች አንዱ የሆኑት የፊላደልፊያው ሐኪም ቤንጃሚን ራሽ እ.ኤ.አ. በ1791 ለቶማስ ጄፈርሰን በላኩት ሰፊ ደብዳቤ የሜፕልን ዛፍ ጠባይና የስኳሩን አሠራር ከተነተኑ በኋላ፣ ይህ ዛፍ በሚገባ ቢለማ የባሮቹን ስኳር የማያስፈልግ እንደሚያደርገው ያላቸውን ተስፋ ገልጸዋል። ጄፈርሰንም በዚያው ዓመት በቨርጂንያ በሚገኘው በሞንቲቸሎ ርስታቸው የሜፕል ችግኞች አስተክለው ነበር፤ ነገር ግን ዛፉ የሰሜኑን ብርድ የሚሻ ነውና አልሰመረላቸውም። ጄፈርሰን ራሳቸው ባሮች ያሳድሩ እንደነበር ታሪክ የማይሸሽገው ነው፤ ባርነትም የተሻረው በዛፍ ሳይሆን በብዙ ትግልና በብዙ ደም ነው። ቢሆንም፣ የሚበላው ጣፋጭ ነገር በማን ጕልበት እንደተሠራ መጠየቅ ለሰው ልጅ የሚገባ ጥያቄ መሆኑን እነዚያ ሰዎች ስላስተማሩ፣ ይህን ታሪክ እኛ አፍሪካውያን በተለይ ልናውቀው ይገባናል።

እንግዲህ ወደ ቤታችን ድስት እንምጣ። ከረሜላውን ለመሥራት ዛፍ መብሳት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ንጹሕ የሜፕል ሽሮፕ ነው። በዚህ ላይ አጥብቄ የማሳስባችሁ ነገር አለ፤ በገበያ ላይ ለቁርስ ቂጣ ተብለው በርካሽ ከሚሸጡት ሽሮፖች ብዙዎቹ ከበቆሎ ስኳር ተሠርተው የሜፕል ሽታ ብቻ የተጨመረባቸው ናቸው፤ የበቆሎው ስኳርም ከረሜላው እንዳይረጋ የሚከለክል ጠባይ ስላለው፣ በእነዚህ የደከመ ሰው ድካሙ ከንቱ ነው። በመጠቅለያው ላይ ከሜፕል ሽሮፕ በቀር ሌላ ነገር ያልተጻፈበትን ምረጡ። ከንጹሖቹም መካከል መልኩ ፈካ ያለ ወርቃማው ይሻላል፤ ይህ በወቅቱ መጀመሪያ የተቀዳው ሲሆን፣ ወደ ወቅቱ መጨረሻ የሚቀዳው የጠቈረው ሽሮፕ ግን፣ በውስጡ ያለው ስኳር በከፊል ስለተፈታ፣ ለምግብ ማጣፈጫነት እንጂ ለከረሜላ እምብዛም አይመችም።

ግማሽ ሊትር ሽሮፕ ለአንድ ቤት የሚበቃ መጠን ነው፤ ከዚህም ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ከረሜላ ይገኛል። ሽሮፑ ሲፈላ አረፋው በድንገት እየተነሣ ስለሚገነፍል፣ ድስቱ ጠለቅ ያለና ሦስት ሊትር ያህል የሚይዝ ይሁን፤ አረፋውን ለማስታገሥ ሁለት ሦስት ጠብታ ዘይት ጣል ማድረግ ይበቃል። የአገሩ ሰዎች ለዚህ ቅቤ መጠቀም ይወዳሉ፤ ይሁን እንጂ ሽሮፑ የሚነጠርበት ወራት ብዙውን ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጥም፣ በዘይት የሠራ ሰው በሑዳዴ ያለ አንዳች የኅሊና ወቀሳ ለቤተ ሰቡ ሊያቀርበው ይችላል። ልጆች በአጠገብ ካሉ ግን ከምድጃው ራቅ ብለው ይቁሙ፤ የጋለ ስኳር ገላ ላይ ሲያርፍ እንደ ውኃ ፈስሶ አይሄድምና፣ ተጣብቆ ክፉኛ ያቃጥላል።

አሁን ስለ ሙቀቱ ልክ ልናገር። በባሕር ጠረፍ ከፍታ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ የዛፉ ውኃ ወፍሮ ሽሮፕ ሆነ የሚባለው ከዚህ 4 ዲግሪ ያህል ሲያልፍ ነው፤ ለከረሜላ ግን ከሚፈላው ውኃ 13 ወይም 14 ዲግሪ በላይ፣ ማለትም 113 ወይም 114 ዲግሪ እስኪደርስ ይፈላል። ሆኖም አገሩ ከፍ ባለ ቍጥር ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ይህ ቍጥር በሁሉም ሥፍራ አይሠራም፤ በደንቨር ከተማ ላሉ ወገኖቻችን ውኃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ፣ በአዲስ አበባም በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እዚያ የሚኖር ሰው ይህንኑ 113 አምኖ ቢጠብቅ ስኳሩ ከልክ በላይ ደርቆ ይጠነክርበታል። ስለዚህ በዚያው ዕለት፣ በዚያው የሙቀት መለኪያ፣ አስቀድማችሁ ንጹሕ ውኃ አፍልታችሁ ስንት እንደሚል ተመልከቱ፤ ባገኛችሁት ቍጥር ላይ 13 ወይም 14 ጨምሩበት፤ ልኩ ይህ ነው። መለኪያ የሌለው ሰው ከሚፈላው ጥቂት ጠብታ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጣል ያድርግ፤ ጠብታው በጣት ሲድበለበል ለስለስ ያለች እንክብል ከሆነች ደርሷል።

ሽሮፑ በሚፈላበት ጊዜ አይማሰልም፤ ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላም፣ 80 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ድረስ አይነካም፣ አይነቃነቅም። የምክንያቱ ትርጕም ይህ ነው፤ በዚያ ሰዓት በድስቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በተፈጥሮው ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ስኳር አዝሏል፤ ሊረጋ ይሻል፤ ነገር ግን የሚጀምርበት ምክንያት ይጠብቃል። ገና ትኩስ ሳለ የተማሰለ እንደ ሆነ ጥቂት ቅንጣቶች ብቻ ተፈጥረው፣ እነዚያም እየተፋፉ ስለሚያድጉ፣ ከረሜላው አሸዋ እንደ ገባበት ምግብ በጥርስ ሥር ይንኰሻኰሻል። ከቀዘቀዘ በኋላ ሲማሰል ግን እልፍ አእላፋት ደቃቅ ቅንጣቶች ባንድ ጊዜ ስለሚፈጠሩ፣ አንዱ ለብቻው የሚያድግበት ፋታ አያገኝም፤ ልዝብነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። በአገራችን ማር ሲረጋ አይታችሁ ከሆነ፣ አንዱ እንደ ቅቤ ለስልሶ፣ ሌላው እንደ ጨው ሻክሮ የሚገኝበት ምስጢር ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሙቀቱ ወደ 80 ሲወርድ የእንጨት ማማሰያ አንሡና፣ ሳትቸኵሉ፣ ሳታቋርጡም አማስሉ። መጀመሪያ በድስቱ ውስጥ ያለው ነገር እንደ ጠራ ጠጅ ግርጌውን ያሳያል፤ ማማሰያውን ብታነሡት ከጫፉ ረዥም የሚያብረቀርቅ ክር ይወርዳል። ጥቂት ደቂቃ ካለፈ በኋላ መልኩ እየነጣ፣ እየደፈረሰ ይሄዳል፤ ክንዳችሁም ክብደቱ እንደጨመረ ያስታውቃችኋል። ከዚህ በኋላ ዓይናችሁን አታንሡ፤ ያ የሚያብረቀርቀው ወዙ ድንገት መፍዘዝ ይጀምራልና። ማፍሰሻው ሰዓት ወዙ ሊጠፋ ሲል ነው፤ ከዚያ በፊት የፈሰሰ ሳይረጋ ይቀራል፤ ጥቂት የዘገየ ደግሞ በድስቱ ውስጥ ደርቆ እንደ ድንጋይ ይያዛል። ስለሆነም ቅርጽ ማውጫው አስቀድሞ በስሱ ዘይት ተቀብቶ በአጠገብ ይሰናዳ፤ ከሌለም ወረቀት በተነጠፈበት ትሪ ላይ አፍስሶ፣ ሳይጠነክር በቢላዋ መቍረጥ ይቻላል። ሲቀዘቅዝም በቀስታ ፈልቅቆ ማውጣት ነው።

ባይሳካ ተስፋ መቍረጥ አይገባም፤ በድስቱ ውስጥ የደረቀው ቢሆን፣ ሳይረጋ የቀረውም ቢሆን፣ ጥቂት ሙቅ ውኃ ተጨምሮበት ዳግመኛ በእሳት ላይ ቢሟሟ ወደ ቀድሞ ባሕርዩ ይመለሳልና፣ ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል። ርጥበት ያለው ዝናባማ ቀን ለዚህ ሥራ አይመረጥም፤ ስኳር ከአየር ውኃ ስለሚስብ ከረሜላው ይላባል። ከአየር ከተጋረደ ዕቃ ውጭ ቢቀመጥም፣ እየደረቀ ፊቱ በነጭ ነጠብጣብ ይዥጐረጐራል፤ ለረዥም ጊዜ ሊያቆዩት የሚሹ ባለሙያዎች፣ የረጋውን ከረሜላ ለጥቂት ሰዓታት በቀዝቃዛ ወፍራም ሽሮፕ ውስጥ ዘፍዝፈው በማውጣት፣ በፊቱ ላይ ስስ የስኳር ልባስ እንዲበጅለት ያደርጋሉ።

ደግሞ ከዚህ ከአንዱ ሽሮፕ የሚወጣው ኅብረ መልክ ያስደንቃል። ለከረሜላ በተነገረው ሙቀት አጠገብ ደርሶ፣ ምንም ሳይማሰል በንጹሕ በረዶ ላይ ቢፈስስ፣ በሹካ የሚጠቀለል እንደ ሙጫ የሚለጠጥ ጣፋጭ ይሆናል፤ የኩቤክና የቨርሞንት ሰዎች በወቅቱ ተሰብስበው የሚደሰቱበት ይህ ነው። በበረዶ በተከበበ ድስት ፈጥኖ እንዲቀዘቅዝ ተደርጎ በኋላ ቢማሰል፣ ዳቦ ላይ የሚቀባ ለስላሳ ክሬም ይሆናል። ሙቀቱ ከፈላ ውኃ በላይ 25 ዲግሪ ያህል ደርሶ በትኩሱ ቢማሰል ደግሞ፣ እንደ አኒሺናቤዎቹ ያለ ደቃቅ ስኳር ይሆናል። ያው አንዱ ነገር፣ በሙቀቱ ልክና በእጁ ሰዓት ብቻ፣ አራት ልዩ ልዩ ነገር ሆኖ ይገኛል፤ ከዚህ የበለጠ የልክን ኃይል የሚያስረዳ ትምህርት በቤት ውስጥ ይገኛል ብዬ አላምንም።

የተወደዳችሁ ወገኖቼ፤ በስደት የሚኖር ሰው የአባቱን አገር ምግብ መጠበቁ ተገቢ እንደ ሆነ ሁሉ፣ የተቀበለችውንም አገር ጸጋ ማወቁ የምስጋና ዕዳው ነው። ልጆቻችን በትምህርት ቤታቸው የሜፕልን ቅጠል በካናዳ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ያዩታል፤ ዛፉን ግን፣ ውኃውን ግን፣ አስቀድመው ያወቁትን ሕዝቦች ግን የሚያስተምራቸው ማን ነው? በመጪው ሑዳዴ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከልጆቻችሁ ጋር ድስት ጥዳችሁ ይህን ከረሜላ ሥሩ፤ ሲፈላ የዛፉን፣ ሲበርድ የአኒሺናቤን እናቶች፣ ሲማሰልም በደሴቶቹ የሸንኮራ እርሻ ያለቁትን ወንድሞቻችንን ታሪክ ንገሯቸው። ሽሮፑ ከርካሹ ይልቅ ዋጋው ቢከብድባችሁ፣ በአርባ ዓመት ዛፍና በብዙ እሳት የተገኘ መሆኑን አስቡና በጥቂቱ ግዙ፤ በጥቂቱም ብሉ። አንድ ሊትሩ 40 ሊትር የዛፍ ውኃ ነውና፣ በድስቱ ግርጌ የቀረችውን እንኳ በሙቅ ውኃ አሟሙታችሁ በሻይ ጠጧት እንጂ አትድፏት።